የእትዬ መጋረጃ ቦታ ያዥ

እትዬ መጋረጃ ክፍል የሚገቡት በሰዓቱ፣ የሚወጡት ግን በፈለጉት ጊዜ ነበር። የዕለቱ ነገር አበቃ ብለው ሲያምኑ መጽሐፋቸውን ጧ አድርገው ይዘጉና “መጋረጃ!” ይላሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ያለው ተማሪ ጥያቄውን አቅፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው በዚህ ነው። እሳቸውም ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ አፉ አምልጦት “እትዬ መጋረጃ” ብሎ ሲጠራቸው፣ ልጁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ሲመኝ፣ እሳቸው “አቤት” ብለው መለሱለትና ትምህርቱን ቀጠሉ።

ሥራቸው በዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል የቴአትር ታሪክ ማስተማር ነበር። ተውኔቱን ሌሎች ያስተምሩታል፤ እሳቸው የሚያስተምሩት ተውኔቱ የቆመበትን ወለል ነው። ተዋናዩ በየት በኩል ገባ? ጨረቃዋን ማን ያዛት? ዝናቡ በምን ዘነበ? “ቃሉን ደራሲው ይጽፈዋል” ይሉን ነበር፤ “ዝናቡን የሚያዘንበው ግን ስሙ የትም ያልተጻፈ ሰው ነው።”

ብዙ ሰው ዝምተኛና ይቅር ባይ ይላቸዋል። ዝምተኛነታቸው እውነት ነው። ይቅር ባይነቱን ከየት እንዳመጡት ግን እንጃ። እኔ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ቂምን እንደ እሳቸው በንጽሕና የያዘ የለም። አቧራ አላስነኩትም፣ ለሰው አላሳዩትም፣ ሲያረጅም ዝም ብለው አላዩትም።

የፀጉር ቆራጭ ልጅ ናቸው። የአባታቸው ሱቅ አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወትና አንድ የተራ መጠበቂያ አግዳሚ ነበረው። ወንበሩ ሲዞር ወገቡን እንደታመመ ሽማግሌ ያቃስታል። አባትየው ማበጠሪያቸውን ቀኝ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው የቆረጡትን ያያሉ። ጥቂት ይነካኩና እንደገና ዘንበል ብለው ያያሉ። የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት የለችም፤ በልጅነታቸው የበር መዝጊያ ቀርጥፏታል። ደንበኛው ሲቀመጥ ጨርቁን አንገቱ ላይ አስረው “አንገት ዝቅ፣ ልብ ከፍ!” ይላሉ። የሚቀመጠው ሕፃን ይሁን ዳኛ፣ ከዚህ ሌላ ሰላምታ የላቸውም።

እትዬ መጋረጃ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ያነቡ ነበር። ያን ሱቅ በኋላ ክፍል ውስጥ “የመጀመሪያ ቴአትር ቤቴ” ይሉት ነበር። “ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ በመስታወት የሚያየው ፊቱን ነው። አግዳሚው ላይ ያለነው የምናየው ማጅራቱን። አንድ ሰው፣ ሁለት ቴአትር።”

አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር እሳቸው የጻፉትን ድርሰት አንብቦ፣ “ይህን አንቺ አልጻፍሽውም፤ ከየት ገለበጥሽው?” ብሎ በተማሪው ሁሉ ፊት አቆማቸው። እያለቀሱ ለአባታቸው ነገሩ። በዚያው ሰሞን ርእሰ መምህሩ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። አባትየው እንደ ወትሯቸው “አንገት ዝቅ፣ ልብ ከፍ!” ብለው ጨርቁን አሰሩለት። ከፊት ለፊት ሙሽራ አስመሰሉት። ከኋላ ግን ማጅራቱ ላይ ደረጃ ሠሩበት፤ እንደ ፎቅ ቤት ደረጃ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰውየው መስታወቱን አይቶ ረክቶ፣ አመስግኖ ሄደ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ፊቱን ወደ ባንዲራው ሲያዞር ከኋላው ያለው ተማሪ ሁሉ ሆዱን ይዞ ቀረ። ለምን እንደሚስቁ ፀጉሩ እስኪያድግ አልገባውም።

“አባዬ፣ ለምን ፊት ለፊት አልነገርከውም?” አሉ ልጅ።

“ሰው ፊቱን ይጠብቃል፣ ማጅራቱን አይጠብቅም፣ የኔ እመቤት” አሉ አባት ምላጩን እየጠረጉ። “ፊቱ ላይ ብነግረው ይከራከረኝ ነበር። አሁን ከማን ጋር ይከራከር? አገር ያየዋል፤ እሱ አያየውም።”

ይህን ነገር እዚህ ላይ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የድራማ ክበብ አባል ሆኑ፤ ግን አንድም ቀን ገጸ ባሕርይ አልተሰጣቸውም። ድምፃቸው ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። በልምምድ ጊዜ አንድ ተዋናይ ሲቀር አዘጋጁ “ቦታ ያዥ!” ብሎ ይጮኻል፤ እሳቸው ሄደው የቀረው ሰው ቦታ ላይ ይቆማሉ። ንጉሥም፣ ሌባም፣ ሬሳም ሆነው ቆመዋል። ተዋናዩ ሲመጣ ይወርዳሉ። ከዚህ ውርደት አንድ የአሠራር ዘዴ አወጡ፤ ለእኛም ያስተማሩን እሱን ነው። አንድ አሮጌ መድረክ ስታጠኑ፣ ገመዱን ማን እንደሳበው ካላወቃችሁ፣ ቦታውን ባዶ አትተዉት። ባዶ ቦታ አያሳስብም። ሰው አቁሙበት፤ ግን በደንብ የምታውቁትን፣ ከእውነተኛው ጋር በፍጹም የማታምታቱትን ሰው። አጎታችሁን አቁሙት፤ የሰፈራችሁን ጠጅ ሻጭ አቁሙት። እጁ ገመዱ ጋ ይደርሳል? ከዚያ ቆሞ መድረኩ ይታየዋል? እውነተኛው ሰው በማስረጃ ሲመጣ ቦታ ያዡን አመስግናችሁ ታሰናብታላችሁ። ካልመጣም ታሰናብታላችሁ።

“ቦታ ያዥ ካልወረደ” ይሉ ነበር፣ “ውሸት ነው።”

ለሁለተኛ ዲግሪያቸው የመረጡት በከተማዋ መሐል ያለውን አሮጌ ቴአትር ቤት ነው። ያኔ ተዘግቶ የጥጥ መጋዘን ሆኖ ነበር። ከጣሪያው ሥር ከግድግዳ ግድግዳ የሚሄድ ረጅም የእንጨት ቦይ አለ። ቤቱን የመረመረ መሐንዲስ ሁሉ “የዝናብ አሸንዳ” ብሎ አልፎታል። እትዬ መጋረጃ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በመሰላል ወጥተው፣ በደረታቸው እየተሳቡ ገቡ። ቦይው ውስጥ በየጥቂቱ ጉብታ አለ፤ ውኃ የሚሄድበት ነገር ጉብታ ምን ያደርግለታል? ጥጉ ላይ ደግሞ የዛጉ የብረት ኳሶች ተከምረዋል። አንዱን አንስተው ለቀቁት።

ቤቱ በሙሉ ጮኸ። ታች ያለው የመጋዘን ዘበኛ “ዝናቡ መጣ!” ብሎ ወጥቶ ያሰጣውን አንሶላ ከገመድ ላይ መሰብሰብ ጀመረ፤ ሰማዩ ግን ኩልል ያለ ነበር። የነጎድጓድ ቦይ ነው! ተውኔት ውስጥ ማዕበል ሲነሣ ከተመልካቹ አናት በላይ ኳስ የሚያንከባልሉበት። በሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር እንደነበር ይነገራል፤ በከተማዋ ግን መኖሩን የሚያውቅ አልነበረም።

ኳሱን ማን ነበር የሚያንከባልለው? አይታወቅም። ስለዚህ እንደ ዘዴያቸው ቦታ ያዥ አቆሙ፤ ያቆሙትም አባታቸውን ነው። ምዕራፍ አራት ላይ እንዲህ ገባ፦ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ መድረኩን የሚያዳምጥ፣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት የሌለች፣ ቀኝ ጆሮው ላይ ጥርስ ያለው ትንሽ እንጨት የሰካ፣ ኳሱን ከመልቀቁ በፊት ታች ላሉት “አንገት ዝቅ፣ ልብ ከፍ!” የሚል ሰው። ስሙንም ነጎድጓዴ አሉት። ነጎድጓዴ በቦይው ውስጥ ሲቀመጥ ክርኑ ግድግዳ ይነካ እንደሆነ፣ መድረኩ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚታየው በዚህ አወቁ። ረቂቁ አልቆ ማስረጃ ሲጣራ ይወርዳል፤ አሳባቸው ይህ ነበር።

ረቂቁን ለአማካሪያቸው ሰጡ። በኋላ ዲን የሆነ ሰው ነው፤ ዲኑ እለዋለሁ። “እሱ” እያልኩ የምጽፈው አንቱታ ጠፍቶኝ አይደለም።

ዲኑ ያን ጊዜ ብዕሩ ከደረቀ ዓመታት ሆኖታል። ልብሱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ማር፤ ተማሪ ሁሉ “ጋሼ” ይለው ነበር። ረቂቁን ካነበበ በኋላ ኮሪደር ላይ አገኛቸው።

“ጎበዝ! በተለይ ምዕራፍ አራት!” አላቸው።

“ጋሼ፣ ስለሱ ልነግርዎ ፈልጌ ነበር። ያ ሰውዬ እኮ—”

“ሰውየውንማ ወድጄዋለሁ!”

“አይ፣ ማለቴ፣ እሱ እኮ—”

“በኋላ፣ በኋላ፣ የኔ ልጅ። ስብሰባ አለብኝ።” ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

በኋላ የሚባለው ቀን አልመጣም። “ገና አልበሰለም፣ ይቆይ” እያለ ረቂቁን አስቀመጠው፤ እሳቸውንም ልምድ ታገኛለሽ ብሎ ሩቅ ላለ ኮሌጅ አስተማሪ አድርጎ ላካቸው። ከዚያ ሲመለሱ መጽሐፍ መሸጫ መስኮት ላይ የዲኑን አዲስ መጽሐፍ አዩ። ሽፋኑ ላይ የእንጨት ቦይ ተሥሏል።

ቆመው አነበቡት። ቦይው አለ፤ ኳሶቹ አሉ፤ ዘበኛውና አንሶላው እንኳ አሉ፤ ጣሪያ ሥር በደረቱ የተሳበው ግን ዲኑ ነው። ምዕራፍ አራት ደረሱ። ነጎድጓዴ ከነሙሉ አካሉ ቆሟል። ወርዶ ሳይሆን አድጎ! ዲኑ ማብራሪያ ጨምሮበታል። የጎደለችው ጣት “በብረት ኳስ የተቀጠቀጠች የሙያው መሥዋዕት” ናት። አንገቱን ዘንበል ማድረጉ “ከመድረክ የሚመጣውን ምልክት ለማዳመጥ” ነው። ጆሮው ላይ ያለው ጥርሳም እንጨት ደግሞ “ኳሶቹን አንድ በአንድ ለመልቀቅ የሚያገለግል ረቂቅ መሣሪያ” ነው፤ ስለሱ ብቻ ሁለት ገጽ ተጽፏል። የሁለት ገጽ ምርምር፣ ለአባታቸው ማበጠሪያ!

መጽሐፉን ይዘው ቢሮው ገቡ።

“ጋሼ፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው።”

ዲኑ አልደነገጠም። ወንበር ሳበላቸው። “የኔ ልጅ፣ አሳብ እንደ አየር ነው። ሁሉም ይተነፍሰዋል። ‘ለረዳቴ ተማሪ’ ብዬ መግቢያው ላይ አመስግኜሻለሁ እኮ፤ አላየሽውም?”

“ስሜ የለም።”

“ስምማ ገና ታወጫለሽ።” ሳቅ አለ። “ይልቅ እህቴ፣ ነገር አታብዢ። ማን ያምንሻል? የፀጉር ቆራጭ ልጅ እዚህ መድረሷ ራሱ ተአምር ነው፤ ሰው የሚለው እሱን ነው።”

እትዬ መጋረጃ አፋቸውን ከፍተው ነበር። “ነጎድጓዴ የሚባል ሰው የለም” ሊሉት ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሷል። ቢሉት ኖሮ በሚቀጥለው እትም አውጥቶት፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ሥራውን ይዞ ይቀር ነበር። ያኔ ዲኑ አንድ ወረቀት ሊያነሣ ጀርባውን አዞረ። አንገቱ ነጭ፣ ፀጉሩ በሥርዓት የተቆረጠ ነበር። ማጅራቱን አዩት፤ አፋቸውንም ዘጉ።

“እሺ፣ ዶክተር” ብለው ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለብዙ ዓመት ጋሼ አላሉትም።

ወደ አባታቸው ሱቅ ሄደው ምዕራፍ አራትን አነበቡላቸው። ወንበሩ ላይ ፊቱ ሳሙና በሳሙና የሆነ ደንበኛ ነበር።

“ይሄ ሰውዬ እኔን ይመስላል” አሉ አባት።

“አንተ ነህ፣ አባዬ። ሌባው ግን አያውቅም።”

አባት ምላጩን አየር ላይ ይዘው ሳቁ፤ ሳቃቸው አልቆም ሲል ሳሙናማው ደንበኛ “ኧረ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ምላጩን ያስቀምጡት!” አለ። ከሳቁ በኋላ ፊታቸው ጠቆረ። “ልጄን ሰርቆ እኔን ጭኖ ሄደ በይኛ” አሉ። “ተይው። ይልበሰኝ። አሳምሮ ይልበሰኝ። ብቻ እንዳትነግሪው።”

“አልነግረውም።”

“ጠላትሽ ከኋላው ያለውን እስኪያሳዩት ድረስ አያየውም። መስታወቱን የምትይዢለት አንቺ ሁኚ።”

አባትየው ይህን ካሉ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ሳንባቸው ከዳቸው። ሱቁ ተዘግቶ የስልክ መሸጫ ሆነ። እትዬ መጋረጃ ከቀብር መልስ የአባታቸውን ማበጠሪያ ብቻ ወሰዱ።

የነጎድጓዱ ርዕስ ስለተወሰደባቸው ሌላ ፈለጉ፤ ሁለተኛ ዲግሪያቸውንም፣ በኋላ ዶክትሬታቸውንም የሠሩት በመድረክ መጋረጃ ታሪክ ላይ ነው። ጠንካራ መጽሐፍ ነው፤ ጥቂት ሰው አንብቦታል። ፕሮፌሰር ሆኑ፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። በየዓመቱ ስለ ነጎድጓድ ቦይ የሚወራበት ሳምንት ሲደርስ የዲኑን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና “ይህን አንብቡ” ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም። እኛ አክብሮት ይመስለን ነበር። ፈተና ላይም ሁሌ አንድ ጥያቄ አትጠፋም፦ “ነጎድጓዴን ማን አየው?” መጽሐፉን የሸመደደ ሁለት ገጽ ይጽፋል። አንዲት የክፍላችን ልጅ “ማንም” ብላ በአንድ ቃል መለሰች። ሙሉ ነጥብ ሰጧትና ቢሯቸው ጠርተው “ዝም ማለት ትችያለሽ?” አሏት። ትችላለች። ይህን የነገረችኝ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

በቀል ግን ቀረጥ አለው። አንድ ጎበዝ ተማሪያቸው ስለ ነጎድጓዴ ሕይወት ጥናት ልሥራ ሲላቸው ከለከሉት። ልጁ ተቀይሞ ወደ ዲኑ ሄደ፤ የሌለ ሰው ሲፈልግ ዓመታት አቃጠለ። አውቀው ዝም አሉት። ዛሬም ሲያገኛቸው መንገድ ይቀይራል፤ እሳቸውም “መብቱ ነው” ይላሉ።

ለዲኑ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍተውለታል። የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ሊወጣ ሲል “ዶክተር፣ ምዕራፍ አራትን እንደገና ቢያዩት” አሉት፤ ስቆ አለፈ። ጡረታ ሲወጣ በግብዣው ላይ ጠጋ ብለው “የሰውየው ማስረጃ የት ነው ያለው?” አሉት፤ “እዚህ” ብሎ ግንባሩን ነካ። ሦስተኛው የከፋው ነበር።

ከተማው አሮጌውን ቴአትር ቤት ለማደስ ወሰነ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው በክብር ዲኑ ነው። ቦይው ይጠገን ተባለ፤ ዋናው መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ “ስሙ ላልተዘመረለት የመድረክ ሠራተኛ” የነጎድጓዴ ሐውልት ይቁም ተባለ። እትዬ መጋረጃ እንደ ትምህርት ክፍል ኃላፊነታቸው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸውን አወጡ።

“ዶክተር፣ ድንጋይ ላይ ሊቀረጽ ስለሆነ ነው። ይህን ሰው ከየት አገኙት?”

ዲኑ መነጽሩን አወለቀ።

“ጣሪያው ሥር፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ተሥሎ ነበር” አለ። “በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያ መሣሪያው ሳይቀር። በኋላ ኖራ ሲቀቡት ጠፋ።”

“በዓይንዎ?”

“እንዳንቺ በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይኔ፣ እህቴ።” ኮሚቴው ሳቀ።

“እንግዲያው ጨርሼአለሁ” አሉ። የከፈቱለትን በር ዲኑ ራሱ ከውስጥ ቆለፈው።

የምረቃው ጠዋት ፀሐያማ ነበር። አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል። ከንቲባው፣ ጋዜጠኞች፣ መምህራን፣ የዲኑ ልጆችና የልጅ ልጆች ሞልተዋል። ሐውልቱ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል። እትዬ መጋረጃ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የራሳቸውን እንግዶች አስቀምጠዋል፤ የአባታቸውን ታናሽ እህት፣ አሁን በከዘራ የሚሄዱትን አክስታቸውን፣ እና አራት አምስት ሽማግሌዎች። ሽማግሌዎቹ የሱቁ የድሮ ደንበኞች ናቸው፤ የሚቆረጥ ፀጉር ግን ዛሬ በሁሉም ላይ ቢፈለግ አይገኝም። ለምን እንደተጠሩ አልተነገራቸውም።

“ቴአትር ነው እንዴ?” አሉ አክስት።

“አዎ፣ አክስቴ።”

“ይረዝማል?”

“ረዝሞ አልቋል። የቀረው መጨረሻው ነው።”

ዲኑ ንግግር አደረገ። ጣሪያ ሥር ስለመሳቡ፣ ስለ ከሰል ሥዕሉ ተናገረ፤ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ገመዱን ሳበ፣ ጨርቁ ወረደ።

ቀራጺው መጽሐፉን ቃል በቃል ተከትሏል። አንገቱ ወደ ግራ ዘንበል ያለ ሰው፣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም፣ ቀኝ ጆሮው ላይ ጥርሱ ወደ ውጭ የሆነ እንጨት። እግሩ ሥር በትልልቅ ፊደል “አንገት ዝቅ፣ ልብ ከፍ!” ተቀርጿል።

ጭብጨባው ሳይጀመር አክስት ተነሡ።

“ወንድሜ!” አሉ። ከዘራቸው ወደቀ። “ውይ ወንድሜን! ማን ነው እዚህ ያቆመህ?”

“ኧረ ይሄ ፀጉር ቆራጫችን ነው!” አለ አንዱ ራሰ በራ። “ማበጠሪያውን ተመልከት!”

“አንገት ዝቅ!” ብሎ ሌላኛው ጮኸ።

“ልብ ከፍ!” ብለው ሌሎቹ አንድ ላይ መለሱ፣ እንደ ልጅነታቸው።

ዲኑ ፈገግ ለማለት ሞከረ። “እማማ፣ ተሳስተዋል። ይህ ሰው እርስዎ ከመወለድዎ በፊት የነበረ ነው።”

“አንተ ታስተምረኛለህ?” አሉ አክስት። “ጣቱን በር ሲቆርጠው ደሙን በነጠላዬ ያሰርኩት እኔ! ነጎድጓድ ነው ምናምን ትላለህ፤ ወንድሜ ነጎድጓድ ሲሰማ አልጋ ሥር የሚገባ ሰው ነበር!”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋዜጠኞቹ ወደ ሐውልቱ ተጠጉ። እትዬ መጋረጃ ወደ መድረኩ ወጡ፤ የማይሰማው ድምፃቸው በድምፅ ማጉያው እስከ በሩ ደረሰ።

“የቴአትር ተማሪዎች ባዶ ቦታ ላይ የምናቆመው ሰው አለን” አሉ። “ቦታ ያዥ ይባላል። ይህን ጥናት የሠራሁ ጊዜ የቦይውን ሠራተኛ ስላላወቅሁት አባቴን አቆምኩ። ለአማካሪዬ ልነግራቸው ስል ስብሰባ ነበራቸው። ሥራዬን ሲወስዱ አባቴንም አብረው ወሰዱ።” ከቦርሳቸው ማበጠሪያውን አውጥተው ሐውልቱ እጅ ላይ አስቀመጡት። “በዓይናቸው ያዩት ‘ረቂቅ መሣሪያ’ ይሄ ነው።”

ከዚያ ወደ ዲኑ ዞሩ።

“ጋሼ” አሉት፤ ከዚያች ከቢሮው ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። “የፀጉር ቆራጭ ልጅ እዚህ መድረሷ ተአምር ነው ብለውኝ ነበር። ፀጉር ቆራጩንም ስላደረሱልኝ አመሰግናለሁ። መጋረጃ!”

ዲኑ ከጎን በር ወጣ። ማንም አልሸኘውም፤ የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ ማጅራቱን እያዩ ቀሩ።

መጽሐፉ ከትምህርት ቤቶች ተነሣ፤ የክብር ማዕረጉም ተነሣ። ዩኒቨርሲቲው ረቂቁን በእትዬ መጋረጃ ስም አሳተመ። ምዕራፍ አራት አጭር ሆነች፦ “ማን እንዳንከባለለው አናውቅም።”

የሐውልቱ ነገር ግን አከራከረ። ሕዝቡ ወዶታል፤ ከንቲባው “ይቁም፣ ታሪኩ ራሱ ታሪክ ሆኗል” አለ። ይነሣ ያሉት እትዬ መጋረጃ ብቻ ናቸው። አክስታቸው አለቀሱ፣ ለመኗቸው። እሳቸው ግን “ቦታ ያዥ ካልወረደ ውሸት ነው” አሉ። ክሬኑ አባታቸውን ሲያነሣ ቆመው አዩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው። ነጎድጓዴ አሁን በአክስታቸው ግቢ ይኖራል፤ ዘንበል ያለ አንገቱ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ታስሮበታል። አዳራሹ ውስጥ ባዶ መደብ ቀርቷል፤ ጽሑፉ እንዳለ ነው።

ብዙ ሳይቆይ ዲኑ ቢሯቸው መጣ። ወረቀት እያረምኩላቸው ጥግ ላይ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆመ፤ አርጅቷል፤ ልብሱ እንደ ድሮው አልተተኮሰም። ይግቡ አላሉትም።

“ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት” አለ።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ቀን ኮሪደር ላይ ‘እሱ እኮ’ ብዬ ጀምሬ ነበር። ምን ልልዎ እንደነበር አስበውት ያውቃሉ?”

“የለም” አለ። አንገቱን ደፋ።

እትዬ መጋረጃ የተደፋውን አንገት ዘንበል ብለው አዩት፤ ወደ ግራ፣ እንደ አባታቸው።

“አንገት ዝቅ” አሉ።

ቀጥሎ ያለውን መላው ከተማ ያውቀዋል። ዲኑም ያውቀዋል፤ ራሱ ነው ድንጋይ ላይ ያስቀረጸው። ቆሞ ጠበቀ። እትዬ መጋረጃ መጽሐፋቸውን ጧ አድርገው ዘጉት።